ጥበብና ጠይብ፦ ደስታ በዕለት ሥራ ውስጥ ይገኛልን?

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው ለፌዝ ነው፤ ቁም ነገር ያጣ ሰው በከንቱ ሲደክም ሲታይ ይተረትበታል። ዳሩ ግን ተረቱን ገልበጥ አድርጎ ለተመለከተው፣ ከፌዙ ሥር አንድ ብርቱ ጥያቄ ተኝቷል። መነኩሴው ቆቡን የቀደደው ስለ ምንድን ነው? ቆቡ ሳያረጅ፣ ብርድ ሳይመታው፣ የሚያዘው አለቃም ሳይኖር መርፌና ክር ያነሣው ምን ፈልጎ ነው? ዕረፍት በማናቸውም ጊዜ ከሥራ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ፣ ዕረፍትን እንደ ልቡ ያገኘው ይህ ሰው ከሰው ሁሉ ይልቅ ደስተኛ በሆነ ነበር። እርሱ ግን የሚሰፋው ነገር ፈለገ፤ ባጣም ጊዜ የሚሰፋውን ራሱ ፈጠረ። ታዲያ የሰው ልጅ ደስታ ከሥራ በኋላ የሚከፈል ዋጋ ነውን? ወይስ በሥራው ውስጥ የሚኖር ነገር ነው?

ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ደስታ ወደፊት ናት ይላል። ተማሪው የምረቃውን ቀን፣ ሠራተኛው የደመወዙን ቀን፣ ገበሬው የአዝመራውን ወራት፣ እናት የልጆቿን ለወግ ለማዕረግ መብቃት ይጠባበቃሉ። እስከዚያ ያለው ጊዜ የሚሻገሩት ወንዝ እንጂ የሚኖሩበት አገር አይመስላቸውም። ነገር ግን የአንድ ሰው ዕድሜ በቀን ተቆጥሮ ቢታይ፣ አብዛኛው ያለቀው በምረቃና በሠርግ አይደለም። ያለቀው ውኃ በመቅዳት፣ እንጀራ በመጋገር፣ ጠመኔ ይዞ በማስተማር፣ ደብተር በማረም፣ ልብስ በማጠብ፣ በማረስና በመሸመን ነው። ደስታ በእነዚህ ውስጥ ሥፍራ ከሌላት፣ ሰው ከዕድሜው የሚበዛውን እጅ ሳይኖርበት ይሞታል ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሥራ ፈቶች ወይም የፈላስፎች ጨዋታ አይደለም። ዕድሜን ያህል ነገር የሚመለከት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት በአቴና ያስተማረው አሪስቶትል፣ የኒኮማኮስ ሥነ ምግባር በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ ጉዳይ መርምሮታል። በእርሱ አስተያየት ደስታ ሰው እንደ ንብረት የሚይዘው ወይም እንደ ካባ የሚደርበው ነገር አይደለም፤ አድራጎት ነው። አንድ ሰው የቱንም ያህል መልካም ባሕርይ ቢኖረው ዕድሜውን ሁሉ ተኝቶ ቢያሳልፍ ደስተኛ ነበር የሚለው አይገኝም። እርካታም ሥራ ካለቀ በኋላ ተለይቶ የሚታደል ጉርሻ አይደለም። በሚገባ በሚከናወን አድራጎት ላይ፣ በጎበዝ ፊት ላይ እንደሚታይ ወዝ፣ አብሮ የሚወጣ ነገር ነው።

ይህ ጥንታዊ ሐሳብ በሃያኛው ምዕት ዓመት በሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ዘንድ እንደገና ተነሣ። ከሀንጋሪ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1934 የተወለደውና በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ፣ ገና በጥናቱ መጀመሪያ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሲሥሉ ይከታተል ነበር። ሠዓሊው ሥዕሉ በተሰካለት ጊዜ ረኃቡንና ድካሙን ረስቶ ይሠራል፤ ሥዕሉ ባለቀ ጊዜ ግን ብዙም ሳያየው ወደ ጎን ያኖረውና ወደ ሌላ ባዶ ሸራ ይዞራል። ተመራማሪውን ያስገረመው ይህ ነበር። ሠዓሊውን የሚስበው ያለቀው ሥዕል ቢሆን ኖሮ ሲያልቅ ባልተወው ነበር። የሳበው መሣሉ ራሱ ነው። ተመራማሪው ከዚህ ተነሥቶ የሰንጠረዥ ተጫዋቾችን፣ ገደል ወጪዎችን፣ ዳንሰኞችንና የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ጠየቀ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1990 ባወጣቸው መጻሕፍት አቀረበ። ሰው በሥራው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባበትን ይህን ሁኔታ «ፍሰት» ሲል ሰየመው። እስከሞተበት እስከ 2021 ድረስም የሥራው ማዕከል ይኸው ሐሳብ ነበር።

ጥናቱ ከሚያስረዳቸው ነገሮች ሦስቱ በተለይ ሊጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ ሥራው ምን እንደሚፈልግ ለሠሪው ግልጽ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እየተሳካ ወይም እየተበላሸ መሆኑን ሥራው ራሱ ወዲያውኑ ሊነግረው ይገባል። ሦስተኛ፣ የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ መመጣጠን አለባቸው። ሥራው ከችሎታው እጅግ ከበለጠ ሠሪው ይጨነቃል፤ እጅግ ካነሰም ይሰለቻል። ሁለቱ በተገናኙበት ሥፍራ ግን ሰው ራሱን ይረሳል፤ ሰዓቱ እንዴት እንደነጎደ አያውቅም። የሚያስገርመው፣ በዚያች ሰዓት «ደስ ብሎሃል?» ብሎ ቢጠይቁት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ የለውም። ደስታውን የሚያውቀው ቀና ባለ ጊዜ ነው።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያዊው አንባቢ እንግዳ መስሎ ከታየው፣ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሚገኙት የሸማኔ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጧል። እግሮቹ ከታች መርገጫውን ተራ በተራ ይጫናሉ፤ ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። በአንድ እጁ የወረወራትን መወርወሪያ በሌላው ይቀበላታል፤ ማጉን መታ መታ አድርጎ ያጠብቃል፤ መልሶ ይወረውራል። ነጩን ሸማ ሲሠራ እጁ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚሄድ ይመስላል። ወደ ጥበቡ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየለየ፣ ቀለማቱን በየተራቸው እያስገባ፣ አንዲት ክር ብትሳት ጌጡ ሁሉ እንደሚዛነፍ እያወቀ ይሠራል። ያን ጊዜ ለሚያነጋግረው ሰው የሚመልሰው «እ» ብቻ ነው። ሥራው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ስሕተቱን ከማንም በፊት ክሩ ይነግረዋል፤ ክብደቱም ለዓመታት ካካበተው ችሎታ ጋር የተመጣጠነ ነው። ተመራማሪው በመጽሐፍ ያሰፈረው ሁሉ እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

እንዲያውም እስከ ሸማኔው ቤት መሄድ አያስፈልግም። ቡና የምታፈላ ሴት ትላንትም አፍልታለች፤ ነገም ታፈላለች። ቢሆንም ሁለት ጊዜ የተቆላ ቡና አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። እሳቱ ዛሬ በርትቷል፤ ፍሬው ከትላንቱ ይጠነክራል። ብረት ምጣዱን እያወዛወዘች ቀለሙን በዓይኗ፣ መንጣጣቱን በጆሮዋ፣ ማረሩን በአፍንጫዋ ትከታተላለች። ለቅጽበት ብትዘናጋ ያርርባታል። አቦሉ ቀርቦ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ እጇ ብቻ ሳይሆን ልቧም ከረከቦቱ ዘንድ ነው። እንግዲህ የደስታ ጠላት የሥራ መደጋገም አይደለም። የተደጋገመውን ሥራ ያለ ልብ መሥራት ነው።

ይህን የሚያጠነክር ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ 2,250 ሰዎችን ቀኑን ባልታሰበ ሰዓት በእጅ ስልካቸው እየጠሩ ምን እንደሚሠሩ፣ ልባቸው የት እንዳለና ምን እንደሚሰማቸው ጠይቀዋቸዋል። ከተሰበሰበው መልስ በ46.9 በመቶው የሰዎቹ ልብ ከሚሠሩት ነገር ጋር አልነበረም። ልባቸው በሌለ ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም በላይ፣ የሰዎቹን ደስታ አስቀድሞ የሚናገረው ሥራቸው ምን እንደሆነ ሳይሆን ይበልጡን ልባቸው ከሥራው ጋር መሆን አለመሆኑ ነበር። አማርኛ ይህን ከጥናቱ አስቀድሞ የተረዳው ይመስላል። አንድን ነገር አተኩሮ ማየትን «ልብ ማለት» ይለዋል፤ እጁ ከሥራው ሐሳቡ ከሌላ የሆነውንም ሰው «ልቡ ሸፍቷል» ይላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ይመስላል። ሆኖም ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቺክሰንትሚሃይና ጁዲት ለፌቨር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት 78 ሠራተኞችን ለአንድ ሳምንት ተከታትለዋል። ሰዎቹ ያን ራስን የሚያስረሳ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ያገኙት በሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ በዕረፍት ጊዜያቸው ያገኙት ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ነገር ግን በሥራ ላይ ሳሉ ሌላ ነገር ቢሠሩ ይመኙ ነበር፤ በዕረፍታቸው ጊዜ፣ ስሜታቸው ደብዝዞም እንኳ፣ ይህ ምኞት አነስተኛ ነበር። ሰው ደስታውን ካገኘበት ሥፍራ ለመሸሽ የሚመኘው ስለ ምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ኅብረተሰቡ ለሥራ የሰጠው ስም ነው። ለዚህ የኢትዮጵያን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን አገር ብዙ አይገኝም። «ጥበብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የሊቅን ዕውቀትና በነጭ ሸማ ጠርዝ ላይ የሚጣለውን ጌጥ። ቋንቋው የሸማኔውን የእጅ ሥራና የፈላስፋውን ምርምር በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። ከዚሁ ሥር «ጠቢብ» ይወጣል፤ ከጠቢብ ደግሞ «ጠይብ»። ይሁንና የመጀመሪያው ማዕረግ፣ ሁለተኛው ስድብ ሆኑ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው «ጠይብ» ብሎ፣ ልብሱን የሚሸምንለትን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ፣ ቆዳውን የሚያለፋለትን «ፋቂ» ብሎ ሰደበ። የእጅ ባለሙያው በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ፤ በብዙ አካባቢም ርስት ተከለከለ፤ በጋብቻ ተገለለ። ነገሩ እጅግ በመክፋቱ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ሊያስወግድ ይችላል፤ ከልብ ለማስወገድ ግን ብዙ ትውልድ ይፈጃል። የሸማኔው ልጅ በትምህርት ቤት የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ከሆነ፣ አባቱ በድሩ ፊት ያገኘው ደስታ ለልጁ ሊተላለፍ አይችልም። ያፈሩበት ደስታ አይወረስም።

ይህ በደል የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ደስታ አድራጎት መሆኑን ያስተማረው አሪስቶትል ራሱ ባሪያን ሕይወት ያለው መሣሪያ ብሎታል። መወርወሪያዎች በራሳቸው የሚሸምኑ ቢሆን ኖሮ ጌቶች ባሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር ሲልም በፖለቲካ መጽሐፉ ጽፏል። የአቴናው ጠቢብ መወርወሪያዋን አይቷታል፤ የያዛትን ሰው ግን አላየውም። ሸማኔው ከፍልስፍና ወንበር ላይ ሆነው ያልተረዱለትን ደስታ ሊያውቅ እንደሚችል አልጠረጠረም። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ካርትራይት እ.ኤ.አ. በ1785 በሞተር የሚሠራ መሸመኛ አስመዘገበ፤ ከጊዜ በኋላም መወርወሪያዋ እንደተባለው ብቻዋን መሸመን ጀመረች። ነገር ግን የእንግሊዝ የእጅ ሸማኔዎች ነፃ አልወጡም፤ እንጀራቸውን አጡ። ሥራን ከሰው እጅ መንጠቅና ሰውን ነፃ ማውጣት አንድ አለመሆናቸው ያን ጊዜ ታየ።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ለድኻው ሸማኔ «ደስታህ በሥራህ ውስጥ ናትና ሌላ አትፈልግ» ብሎ ማስተማር የጌታ እሹሩሩ አይደለምን? ነጋዴው በርካሽ የገዛውን ሸማ በእጥፍ እየሸጠ፣ ሸማኔውን «በጥበብህ ተደሰት» ቢለው ስብከት ነው ወይስ ስርቆት? ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 በፓሪስ በጻፋቸውና በ1932 ለኅትመት በበቁት ረቂቆች ላይ ሠራተኛው ከሥራው ፍሬም ከሥራው ከራሱም የሚነጠልበትን ሁኔታ ገልጿል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሰውነቱ የሚሰማው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ ከራሱ ውጪ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ትምህርት ያገኛሉ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱና ከጎሕ እስከ ሌሊት በሽመና የተጠመዱ ሕፃናት ታሪክ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፤ መወርወሪያዋም ያችው ናት። ልጁ ግን የሚሠራው ዱላን እየፈራ ነው። ስሕተቱን የሚነግረው ክሩ ሳይሆን ጥፊ ነው። ለዚህ ልጅ ስለ ሥራ ደስታ የሚናገር አንደበት ሊያፍር ይገባዋል።

ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስሕተት ሥራ በራሱ ያስደስታልና ሠሪው ሌላ ምን ይፈልጋል የሚለው ነው። ይህ ሐሰት መሆኑን የልጁ ዕጣ ይመሰክራል፤ ደስታው የሚመጣው ሠሪው በሥራው ላይ ሥልጣን ሲኖረው፣ ከፍሬው ድርሻውን ሲያገኝ፣ በስሙም ሳይሰደብ ሲሠራ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው በተቃራኒ የቆመ ይመስላል፤ በድኻ እጅ ሥራ ውስጥ መከራ እንጂ ምንም የለም ይላል። ይህ ስሕተት አዛኝ ስለሚመስል ለማየት ያዳግታል። ነገር ግን ጥበቡን እየጣለ ራሱን የረሳውን ሸማኔ «አንተስ ምስኪን ነህ» የሚለው ሰው፣ ነጋዴው ያልወሰደበትን አንድ ነገር ይወስድበታል። ገንዘቡን አንዱ ይነጥቀዋል፤ ደስታውን ሌላው ይክደዋል። በእውነቱ ከሆነ ፍትሕ የሚያስፈልገው ሥራው ባዶ ስለሆነ አይደለም። በውስጡ የሚዘረፍ ነገር ስላለ ነው። ልጁ የተዘረፈው እንቅልፉን ብቻ ሳይሆን፣ በነፃነት ቢማረው ኖሮ ዕድሜ ልኩን ደስ ሊያሰኘው ይችል የነበረውንም ሙያ ጭምር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም መታከል አለበት። በሥራ መመሰጥ ብቻውን መልካምነት አይደለም። ቁማርተኛም ካርታው ላይ ሰዓቱን ይረሳል፤ ሰውን የሚያሳድድም ሰው በሥራው ሊመሰጥ ይችላል። እንግዲህ «ልቤ በሥራዬ ውስጥ ነውን?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ሥራዬ ለማን ነው?» የሚለው መቆም አለበት። የሸማኔው ጥበብ ሙሽራን ያለብሳል፤ ቡናው ጎረቤትን ይሰበስባል። ደስታው ምሉዕ የሚሆነው ከእጁ የወጣው ነገር ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከአስተማሪው፣ ከካድሬውና ከኪነ ጥበብ ሰው የየራሱን ነገር ይጠይቃል። ስድሳ ደብተር ከፊቱ የተከመረለት አስተማሪ የሚጠብቀው የደወሉን ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ተማሪዎቹም የሚማሩት ደወል መጠበቅን ነው። ከስድሳው ደብተር ውስጥ አንድ ተማሪ የት እንደተሳሳተ ልብ ብሎ ያገኘ ግን ያችን ምሽት ኖሮባታል። ካድሬው የሸማኔዎችን ማኅበር ሲጎበኝ ስንት ሜትር እንደተሸመነ ይጠይቃል፤ ይህ መልካም ነው። ዋጋውን ማን እንደሚወስነው፣ ጥበቡን ማን እንደሚመርጠው፣ ልጆቹ ሙያውን ለመውረስ ይፈልጉ እንደሆነ ካልጠየቀ ግን የቆጠረው ጨርቁን እንጂ ሰውን አይደለም። የኪነ ጥበብ ሰውም ሸማኔውን ወይ የመከራ ምልክት፣ ወይ የፈገግታ ማስታወቂያ አድርጎ ማቅረቡን ትቶ፣ በእርሱና በራሱ መካከል ያለውን ዝምድና ሊያይ ይገባዋል። አንዲት ቃል እስክትገጥም ድረስ ሌሊቱን የሚያነጋ ገጣሚና አንዲት ክር እስክትገባ ድረስ ትንፋሹን የሚይዝ ሸማኔ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ አለምክንያት አይደለም።

ወደ መነኩሴው ስንመለስ፣ ቆቡን መቅደዱ ሳይሆን መስፋቱ ትክክል ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር በደጁ የሚያልፉት ሰዎች ስንት የተቀደደ ልብስ ለብሰው እንደነበር ቀና ብሎ አለማየቱ ነው።